ከመንግሥት የኢኮኖሚ ኃላፊነት ወደ አማካሪነት መሻገር፦ ሰነዱ፣ ዋጋውና የሚያሰናክለው ነገር

(ውይይት ነው፤ በየክፍሉ አናት ያለው የጸሐፊው የብዕር ስም ነው።)

ማዕቀፍ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በማክሮ ኢኮኖሚና በበጀት ሥራ የቆየ፣ ከጀማሪ ባለሙያነት ተነሥቶ እስከ ዳይሬክተርነት፣ በአሁኑ አጠራር እስከ መሪ ሥራ አስፈፃሚነት፣ አልፎም እስከ ሚኒስትር ዴኤታነት የደረሰ ኢኮኖሚስት ወደ ግል አማካሪነት ሲሻገር ምን ማሟላት አለበት? «የምታውቃቸውን ሰዎች ተጠቀም» የሚለውን ምክር ሁሉም ይሰጣል፤ የምፈልገው የሥራውን ዝርዝር ነው።

አንደኛ፣ የመንግሥት ልምድ በዓለም ባንክና በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ውድድር ላይ ነጥብ የሚያገኘው እንዴት ነው? ሁለተኛ፣ ከለቀቁት መሥሪያ ቤት ጋር መልሶ መሥራት ይፈቀዳል ወይ? ሦስተኛ፣ በግል ስም መሥራት ይሻላል ወይስ ድርጅት ማቋቋም? አራተኛ፣ የቀን ዋጋ በምን ይሰላል? ገና ሥራውን ያልለቀቀ ሰው ከመውጣቱ በፊት ሊያደርገው የሚገባ ነገር ካለም ጨምሩበት።

---

ዝክረ ተግባር

በግዥው በኩል ያለውን ልጻፍ፤ ቀሪውን ሌሎች ይሞሉታል።

በዓለም ባንክ ገንዘብ በሚሠሩ ፕሮጀክቶች አንድ ሰው ለብቻው የሚቀጠረው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፦ ሥራው ቡድን የማያስፈልገው ሲሆን፣ ከጀርባው የቢሮ ድጋፍ የማይጠይቅ ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ የሚፈለገው የሰውየው ትምህርትና ልምድ ሲሆን። በዚህ መንገድ ሲኬድ ብዙውን ጊዜ ቴክኒካል ፕሮፖዛል አይጠየቅም። የፍላጎት መግለጫ ጥሪ ይወጣል፣ አመልካቹ ሲቪና አጭር ደብዳቤ ያስገባል፣ ኮሚቴው ሲቪዎቹን ከዝክረ ተግባሩ (ሥራውንና የሚፈለገውን ሰው ከሚዘረዝረው ሰነድ) ጋር እያስተያየ ያወዳድራል። ስለዚህ ሲቪው ራሱ የጨረታ ሰነድ ነው። ለወዳጅ የሚላክ የሕይወት ታሪክ አድርጎ የጻፈው ሰው በመጀመሪያው ማጣሪያ ይወድቃል።

ከመንግሥት የወጡ ሰዎች ሲቪ ላይ ደጋግሞ የሚታየው ጉድለት አንድ ነው፦ ሥልጣን ይዘረዝራሉ፣ ሥራ አይዘረዝሩም። «የማክሮ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ዳይሬክቶሬትን መርቷል» የሚለው ዓረፍተ ነገር የትኛውንም የመመዘኛ ሣጥን አይሞላም። ገምጋሚው በእጁ የያዘው ቅጽ «በመካከለኛ ዘመን የፊስካል ማዕቀፍ ዝግጅት ቢያንስ ሦስት ተመሳሳይ ሥራዎች» ይላል። ሦስት ተመሳሳይ ሥራዎች እንዲቆጠሩ እያንዳንዱ በራሱ መስመር መውጣት አለበት፦ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር፣ ለየትኛው መሥሪያ ቤት፣ በማን ገንዘብ፣ ሰውየው ምን ድርሻ ነበረው፣ ምን ሰነድ ወጣ፣ ሰነዱ የት ይገኛል። የ14 ዓመት አገልግሎት በዚህ መንገድ ሲበተን ከ20 እስከ 25 ራሳቸውን የቻሉ ሥራዎች ይወጡታል። ከእነዚህ ውስጥ ለዝክረ ተግባሩ የሚቀርቡትን ከ8 እስከ 10 መርጦ ከላይ ማስቀመጥ፣ ሌላውን በአንድ አንቀጽ ማሳጠር ነው።

ማዕረጉንም ከነታሪኩ መጻፍ ያስፈልጋል። መሥሪያ ቤቶች አደረጃጀታቸውን ሲቀይሩ የሥራ መደብ መጠሪያም ይቀየራል። «ዳይሬክተር» የነበረው «ሥራ አስፈፃሚ» ሲባል፣ ሥራውን የማያውቅ የውጭ አገር ገምጋሚ ሰውየው ዝቅ ያለ ሊመስለው ይችላል። አንድ ሐረግ ጨምሮ «ለሚኒስትር ዴኤታው ተጠሪ፣ በሥሩ ይህን ያህል ባለሙያ» ቢባል ጥያቄው ይዘጋል።

የዘመን አቆጣጠርም ሰው ይጥላል፤ ቀልድ የሚመስለው ሰው አለ፣ ግን አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። መስከረም 1 ቀን 2009 ዓ.ም. የተቀጠረ ሰው እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2016 ነው የገባው። ሲቪው ላይ 2017 ብሎ ከጻፈ ከሥራ ልምድ ማስረጃው ጋር አይገጥምም። «ቢያንስ 10 ዓመት» የሚል መስፈርት በወር ተቆጥሮ 9 ዓመት ከ8 ወር ሲሆን ከውድድር ያስወጣል። የስም አጻጻፍም እንደዚሁ ነው፦ ፓስፖርት፣ ዲግሪና የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ስሙ በሦስት ዓይነት ፊደል ከተጻፈ አስቀድሞ ማስተካከል ይገባል።

ሲቪ ማጋነን ግን ፍጹም አይሞከርም። በዓለም ባንክ ደንብ ያልሠሩትን ሠራሁ ማለት እንደ ማጭበርበር የሚታይ ድርጊት ነው። የተለመደው መነሻ ቅጣት ቢያንስ የ3 ዓመት እገዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በተፈረመው ስምምነት መሠረት ከአንድ ዓመት የሚበልጥ እገዳን የአፍሪካ ልማት ባንክና ሌሎቹም የልማት ባንኮች ያጸኑታል። አንዱ በር ሲዘጋ ሌሎቹም አብረው ተዘጉ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ብዙ ሰው የድሮውን ደንብ ይዞ ይከራከራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው የአማካሪዎች መመሪያ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ ደመወዝ ፈቃድ መውጣት ወይም መልቀቅ ነበረበት፤ የለቀቀውም ወዲያው ከነበረበት መሥሪያ ቤት እንዳይቀጠር ቢያንስ 6 ወር ይጠበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2016 ጀምሮ የሚሠራው የግዥ ደንብ አቀራረቡ ሌላ ነው፦ በሥራ ላይ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ የሚቀጠረው አገልግሎቱ ልዩና ሌላ ሰው የማይተካው ወይም ለፕሮጀክቱ አፈጻጸም ወሳኝ ሲሆን፣ ደግሞም የጥቅም ግጭትም ሆነ ከአገሩ ሕግ ጋር ግጭት የማይፈጥር ሲሆን ብቻ ነው። ለለቀቀ ሰው ዋናው ፈተና እንግዲህ የጥቅም ግጭት ነው። ዝክረ ተግባሩን ያዘጋጀ፣ አማካሪ በመምረጥ የተሳተፈ ወይም ውሉን ከሚቆጣጠር ሰው ጋር ዝምድና ያለው አመልካች፣ ጉዳዩ ተገልጦ ባንኩን በሚያረካ መንገድ ካልተፈታ በስተቀር ውል አያገኝም።

---

ሠንጠረዥ

ዝክረ ተግባር ያለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ምን ዓይነት ሥራ ገዥ እንዳለው ነው። «የኢኮኖሚ አማካሪ» የሚባል ጥሪ ብዙም አይወጣም። የሚወጣው የታወቀ ስምና የታወቀ ቅርጽ ላለው ውጤት ነው። ከመንግሥት የሚወጣ ኢኮኖሚስት ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ወይም ሁለቱን እስከ ጥግ ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው የዕዳ ዘላቂነት ትንተና ነው። አይኤምኤፍና ዓለም ባንክ ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የሚጠቀሙበት የኤክሴል ሞዴል የአገሪቱን ዕዳ የመሸከም አቅም ደካማ፣ መካከለኛና ጠንካራ ብሎ ይመድብና ለእያንዳንዱ ጣሪያ ያስቀምጣል። የውጭ ዕዳ የአሁን ዋጋ (ወደፊት የሚከፈለው ሁሉ ዛሬ ባለው ዋጋ ሲሰላ) ከኤክስፖርት አንጻር 140፣ 180 እና 240 በመቶ፤ ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት አንጻር 30፣ 40 እና 55 በመቶ። የዕዳ ክፍያ ከኤክስፖርት 10፣ 15 እና 21 በመቶ፤ ከመንግሥት ገቢ 14፣ 18 እና 23 በመቶ። ቁጥሮቹን ማንም ያነባቸዋል፤ አማካሪው ዋጋ የሚያወጣው ግብዓቱን ሲያስተካክል ነው። ስህተት የሚበዛባቸውን ሦስት ቦታዎች ልጥቀስ።

አንዱ ሽፋን ነው፦ የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ዋስትና ያለውና የሌለው ብድር ተለይቶ ካልገባ ጠቅላላው ሥዕል ይዛባል። ሁለተኛው የበጀት ዓመት ነው። የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሐምሌ 8 እስከ ሐምሌ 7። የውጭ ምንዛሪ ገበያው የተለቀቀው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ቀኑ 2016 ስለሚል ብቻ በ2016 በጀት ዓመት የሚከቱት ሰዎች ይኖራሉ፤ ያ ቀን ግን ሐምሌ 1 የጀመረው የ2017 በጀት ዓመት ነው። ይህ አንድ ስህተት የሁለት ዓመት የብር ቁጥሮችን ያበላሻል። ሦስተኛው በዓመቱ አማካይ የምንዛሪ ዋጋና በዓመቱ መጨረሻ ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። የዕዳ ክምችት በመጨረሻው ቀን ዋጋ ይቀየራል፣ የዓመቱ ክፍያ በአማካዩ። ብር በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ሲወርድ ሁለቱን ማቀላቀል ከዕዳው ጥምርታ ላይ ብዙ ነጥብ ያጠፋል።

ሁለተኛው ውጤት ፔፋ ነው፤ የመንግሥት ፋይናንስ አስተዳደር ግምገማ። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ ማዕቀፍ 7 ምሰሶዎች፣ 31 አመልካቾችና 94 ንዑስ መለኪያዎች አሉት፤ ውጤቱ ከኤ እስከ ዲ ይሰጣል። ለምሳሌ የመጀመሪያው አመልካች የጸደቀው በጀትና የተፈጸመው ወጪ ምን ያህል ይቀራረባሉ ብሎ ይጠይቃል። ካለፉት ሦስት የተጠናቀቁ ዓመታት ቢያንስ በሁለቱ ወጪው ከ95 እስከ 105 በመቶ ከሆነ ኤ፣ ከ90 እስከ 110 ከሆነ ቢ፣ ከ85 እስከ 115 ከሆነ ሲ። ከፋይናንስ መሥሪያ ቤት የወጣ ሰው እዚህ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሒሳቡ የት እንደሚቀመጥ፣ ተጨማሪ በጀት መቼ እንደታወጀ፣ ከመጠባበቂያ ወደ የትኛው ርዕስ እንደተዛወረ ያውቃል። ጀማሪ ገምጋሚ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው፦ መነሻ አድርጎ የሚይዘው ተጨማሪው የተካተተበትን በጀት ነው። መወሰድ ያለበት መጀመሪያ የጸደቀው ነው። ሪፖርቱ የጥራት ማረጋገጫ ማኅተም እንዲያገኝ የሚገመገመውን መንግሥትና የፔፋን ጽሕፈት ቤት ጨምሮ ቢያንስ አራት ተቋማት ሊያነቡት ይገባል። ለዚህ ንባብና ለአስተያየት ምላሽ ቀን ያልመደበ አማካሪ ሥራውን በነፃ ይጨርሳል።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ የፕሮጀክት ግምገማ (ስድስቱን መስፈርቶች፣ ማለትም አግባብነት፣ ተጣጣሚነት፣ ውጤታማነት፣ ቅልጥፍና፣ ፋይዳና ዘላቂነት፣ በመረጃ መመለስ የሚችል ሰው ይፈለጋል)፣ የቤተሰብ ገቢና ፍጆታ ጥናት ትንተና ስታታ በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር፣ የዘርፍ ወጪ ግምገማ። ግምገማ ላይ ግን አንድ ገደብ አለ፤ ፕሮጀክቱን የነደፈ ወይም ያስፈጸመ ሰው አይገመግመውም። አንድ ሚኒስትር ዴኤታ ደግሞ የነደፈው ብዙ ነው።

በአደባባይ የሚታወቁትን ሰዎች መንገድ ብናይም ያው ነው። ንጎዚ ኦኮንጆ ኢዌላ በናይጄሪያ የፋይናንስ ሚኒስትርነቷ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ ከፓሪስ ክለብ (ከአበዳሪ መንግሥታት ስብስብ) ጋር በተደረገው ስምምነት 18 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ተሰርዟል። በ2015 ሁለተኛ የሚኒስትርነት ዘመኗን ስትጨርስ በዚያው ዓመት ላዛርድ የተባለው ተቋም ከፍተኛ አማካሪ አደረጋት። ላዛርድ መንግሥታትን በዕዳ ድርድር የሚያማክር ነው፤ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሚኒስቴርም ለዕዳ ሽግሽጉ የቀጠረው እርሱን ነው። የተፈለገችው ከዳር እስከ ዳር ለጨረሰችው ድርድር ነው። እኛው ዘንድ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅንን እንውሰድ። የመሠረተችው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2008 ግብይት ጀመረ። ከዚያ ከወጣች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ያቋቋመችው ድርጅት የሚሸጠው ያንኑ እውቀት ነበር፦ በሌሎች አገሮች የምርት ገበያ ማቋቋም። አንድ ነገር ሠርቶ ያሳየ ሰው ያንን ነገር ለሌላው መሥራት ይችላል። ገዥውም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

---

ደረሰኝ

ሦስተኛውንና አራተኛውን እኔ ልውሰድ። ቁጥር ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

*በግል ወይስ በድርጅት።* በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ሁለት አዲስ በሮች ከፍቷል። አንዱ ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው። ሌላው ለሙያ አገልግሎት ሰጪዎች የሚስማማው ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበር ነው፤ ሁለት ሦስት የተለያየ ሙያ ያላቸው ኢኮኖሚስቶች በአንድ ስም ሲወዳደሩ ይጠቅማል። ግብሩ ይለያል። ድርጅት ከትርፉ 30 በመቶ ይከፍላል፣ ባለቤቱ ትርፉን ሲያወጣም በትርፍ ድርሻው ላይ እንደገና ግብር አለ። ግለሰብ ነጋዴ ከፍ ባለው እርከን 35 በመቶ ይደርሳል። ለአንድ ሰው ሥራ በመጀመሪያው ዓመት የግል ንግድ ፈቃድ ይቀላል። በድርጅት ስም ብቻ የሚወዳደሩባቸው ጨረታዎች ሲበዙ መቀየር ይቻላል። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው የሥራ መስክ ከሚወዳደሩበት ሥራ ጋር መግጠም አለበት፤ የሥልጠና ፈቃድ ይዞ የጥናት ጨረታ የገባ ሰው ሰነዱ ሲከፈት ይወድቃል። ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ ደግሞ በኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ላይ አስቀድሞ መመዝገብ ግድ ነው። ምዝገባውን ጨረታው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚጀምር ሰው አይደርስም።

*ቅጥር ወይስ ውል።* በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ደመወዝ በሠንጠረዥ ሀ፣ የንግድ ገቢ በሠንጠረዥ ሐ ይገባል። «አማካሪ» ተብሎ የተጻፈ ውል በየወሩ እኩል የሚከፍል፣ ቢሮና የሥራ ሰዓት የሚያዝ፣ አለቃ ያለው ከሆነ ግብር ሰብሳቢው እንደ ቅጥር ሊያየው ይችላል፤ ያኔ ወጪ ማቀናነስ አይቻልም። ሁለቱን ለመለየት ክፍያውን ከወር ጋር ሳይሆን ከሪፖርት ጋር ማሰር ይረዳል፦ ለምሳሌ 20 በመቶ በመነሻ ሪፖርት፣ 40 በመቶ በረቂቁ፣ 40 በመቶ በመጨረሻው። ከፋዩ የሚቀንሰው ዊዝሆልዲንግ ቅድሚያ የተከፈለ ግብር ነው። ደረሰኙን ሰብስቦ ዓመታዊ ግብር ሲያሳውቁ ማቀናነስ ነው፤ ደረሰኙ የጠፋበት ሰው ያንኑ ግብር ሁለት ጊዜ ይከፍላል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ላላቀረበ ሰው የሚቀነሰው ግን 30 በመቶ ነው።

*የቀን ዋጋ።* ብዙ ሰው የወር ደመወዙን ለ22 ቀን አካፍሎ ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ያደርገዋል። ይህ ስሌት ያከስራል። ምክንያቱም አማካሪ የሚከፈልበት ቀን ጥቂት ነው። ከዓመቱ 220 የሚሆን የሥራ ቀን ውስጥ ጥሪ መፈለግ፣ ፕሮፖዛል መጻፍ፣ ክፍያ መከታተልና ባዶ ሳምንታት ከወጡ በኋላ 120 ቢቀር ጥሩ ነው። እንግዲህ ከግብር በፊት በዓመት 2,400,000 ብር ገቢ የሚፈልግና 480,000 ብር ወጪ (ቢሮ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ሶፍትዌር፣ ትራንስፖርት) ያለበት ሰው፦ 2,880,000 ለ120 ሲካፈል በቀን 24,000 ብር። ይህ ምሳሌ ነው፤ ሁሉም የራሱን ቁጥር ያስገባ።

አሁን ቫቱን ተመልከቱ። 40 ቀን በ24,000 ብር 960,000 ብር ነው። የቫት ተመዝጋቢ ሆኖ «ቫትን ሳይጨምር» የሚል ቃል ያልጻፈ ሰው የጥቅል ዋጋ ውል ከፈረመ፣ 960,000ው ቫትን ያካተተ ይሆንበታል። ለ1.15 ሲካፈል በእጁ የሚቀረው 834,783 ብር ነው። በሁለት ቃል እጦት 125,217 ብር ሄደ። የመስክ ጉዞ፣ አበል፣ የዎርክሾፕ ወጪና ትርጉም በጥቅሉ ውስጥ ይሁኑ አይሁኑ በውሉ ድርድር ላይ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ረጅም ውል ላይም አንድ ነገር ላክል። በዓለም ባንክ መደበኛ ውል በጊዜ የሚታሰብ ክፍያ ከ18 ወር ሲበልጥ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ ይገባል። ለ17 ወር በብር የተፈረመ ውል ግን ብር ቢወድቅም እንዳለ ይቀራል።

---

ጥምር

ከደረሰኝ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ከፍተኛ ኃላፊ የነበረ ሰው በመጀመሪያው ዓመት በራሱ ስም ብቻውን ባይወዳደር ይሻላል እላለሁ። የትልቅ ጥናት ጨረታ የሚገባው በድርጅት ነው። በተለመደው አሰጣጥ ከ100 የቴክኒክ ነጥብ ከ30 እስከ 60 የሚሆነው ለዋና ባለሙያዎች ነው፤ ድርጅቶች እንዲህ ያለ ሰው በቡድን መሪነት ይፈልጋሉ፣ ቢሮውና ዋስትናው ደግሞ የእነርሱ ነው።

ስሌቱን ያላየ ሰው ዋጋ ቀንሶ ማሸነፍ የሚቻል ይመስለዋል። 80 በመቶ ለጥራት፣ 20 በመቶ ለዋጋ የሆነ ጨረታ ውሰዱ። አንደኛው ድርጅት በቴክኒክ 90 አግኝቶ 3,000,000 ብር ጠየቀ። ሁለተኛው 80 አግኝቶ 2,400,000 ጠየቀ። ዝቅተኛው ዋጋ 100 ነጥብ ያገኛል፣ ሌላው በንጽጽር፦ 2.4 ለ3.0 ሲካፈል 80። አንደኛው 72 ሲደመር 16፣ 88። ሁለተኛው 64 ሲደመር 20፣ 84። 600,000 ብር የሚወደደው አሸነፈ። አሥሩን የቴክኒክ ነጥብ የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ የቡድን መሪው ሲቪ ስለሆነ፣ ሲቪውን ለድርጅት የሚሰጥ ሰው ያለ ስምምነት አይስጥ። ለየትኛው ጨረታ እንደሆነ፣ የቀን ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ከተሸነፉ ሲቪው ለሌላ እንደማይውል በአንድ ገጽ ይፈራረሙ። ለአንድ ጨረታ ለሁለት ድርጅቶች መፈረም ሁለቱንም ሊያስወድቅ ስለሚችል አይደረግም።

---

ማዕቀፍ (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ሁለት ነገር ይቀረኛል። በኃላፊነት ላይ እያለ የፈረመበት ዝክረ ተግባር ከለቀቀ በኋላ በጥሪ ቢወጣ ሰውየው ጭራሽ መወዳደር አይችልም ማለት ነው? ደግሞስ የሥራ ናሙና ሲጠየቅ ምን ያቀርባል፣ አብዛኛው ሥራ የውስጥ ሰነድ ሆኖ?

---

ዝክረ ተግባር

የመጀመሪያው፦ ዝግጅቱ ላይ ከነበሩ አይወዳደሩ። ደንቡ «ተገልጦ ከተፈታ» የሚል ክፍተት ቢተውም፣ ተሸናፊ ተወዳዳሪ አቤቱታ ሲያስገባ መጀመሪያ የሚያነሣው ይህንን ነው፤ ግዥው ይቆማል፣ ስምም አብሮ ይነሣል። ፊርማው የሥርዓት ብቻ ከነበረ፣ ለምሳሌ ሃያ ዝክረ ተግባሮች በአንድ የግዥ ዕቅድ ውስጥ ሲጸድቁ፣ ይህንን በፍላጎት መግለጫው ደብዳቤ ላይ በሁለት መስመር አስቀድሞ መግለጽ ነው። ፕሮጀክቱ ለባንኩ ጽፎ ይጠይቅ፤ መልሱ በጽሑፍ ይያዝ። ሳይገልጹ አሸንፎ በኋላ መገኘትን የሚያህል ጉዳት የለም።

ተቃራኒውን ወገን ማማከርም አለ፤ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። በዕዳ ድርድር የመንግሥትን አቋም የሚያውቅ ሰው ከወጣ በኋላ ለአበዳሪው ወገን ማማከር የለበትም። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. የዩሮ ቦንዷን (በውጭ ገበያ የሸጠችውን የዕዳ ሰነድ) 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳትከፍል ከቀረች በኋላ የመጣው ድርድር የብዙ ሰው ጉዳይ ሆኗል። የትኛውም ክፍያ ይህን አያካክስም። ይህ የግዥ ደንብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አገር በአደራ የሰጠችው መረጃ ነው።

ናሙናውን በተመለከተ፦ ለካቢኔ የቀረበ ሰነድ፣ ያልታተመ ትንበያ፣ የድርድር ማስታወሻ ናሙና አይሆንም። በፍላሽ ይዞ የወጣ ሰው ሲቪውን ሳይሆን ራሱን አደጋ ላይ ይጥላል። የሚቀርበው የታተመው ነው፦ የሕዝብ ዕዳ ስታቲስቲክስ ቡለቲን፣ የፖሊሲ ጥናት ወረቀት፣ በኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማኅበር ጉባኤ የቀረበ ጽሑፍ፣ የአሥር ዓመቱ የልማት ዕቅድ ውስጥ የተሳተፉበት ምዕራፍ። የመንግሥት ሰነድ ላይ የግለሰብ ስም ስለማይወጣ፣ ከመሥሪያ ቤቱ «ይህን ምዕራፍ በማዘጋጀት ይህ ድርሻ ነበረው» የሚል ደብዳቤ ያስፈልጋል። ይህ ደብዳቤ የሚገኘው ከመልቀቅ በፊት ነው። አለቃው ከተቀየረ በኋላ የሚጽፈው ሰው አይገኝም።

ከመውጣት በፊት የሚሠሩትን በዚሁ ላስገባ። የሥራ ልምድ ማስረጃ መደቡን ብቻ ሳይሆን ዋና ዋና ተግባራቱን ከነቀኑ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይዘርዝር፤ የሰው ሀብት ክፍል በተለመደው ቅጽ አንድ መስመር ጽፎ ይሰጣል፣ ስለዚህ ረቂቁን አዘጋጅቶ መሄድ ያፈጥናል። ርክክቡ በዝርዝር ተፈርሞ ቅጂው ይያዝ፤ ኮምፒውተርና መኪና ብቻ ሳይሆን በእጅ ላይ ያሉ ያልተዘጉ ጉዳዮችም ይግቡበት። ሀብት ያስመዘገበ ሰው ሲለቅም ምዝገባውን ማሳወቅ በአዋጅ ቁጥር 668/2002 አለበት። ከወጡ በኋላ የሚመጣው የአማካሪነት ገቢ ከሥልጣን ዘመን ሀብት ጋር እንዳይደባለቅ የሚያደርገው ይህ ሰነድ ነው።

---

ፖቶማክ

ዋሽንግተን አካባቢ ላለን አንባቢዎች አንድ ነገር። ዓለም ባንክ ራሱ በአጭር ጊዜ አማካሪነት ሲቀጥር ጣሪያው በአንድ በጀት ዓመት 150 ቀን ነው፤ ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 በፈረንጅ አቆጣጠር ይቆጠራል። ከፕሮጀክት ገንዘብ ከሚከፈለው የአገር ውስጥ ውል ጋር አንድ አይደለም፤ የጥሪው ቦታም ቀጣሪውም ይለያል። የአገር ቤቱ የፕሮጀክት ጥሪ የሚያልፈው ስቴፕ በሚባለው የባንኩ የግዥ መከታተያ ሥርዓት ነው፣ ባንኩ ራሱ የሚቀጥረው ግን በክፍሎቹ በኩል ነው። ከአገር ቤት የወጣ ባለሙያ ሁለቱን አደባልቆ በአንድ ሲቪ ሲያመለክት ይታያል። ለባንኩ ክፍል የሚላከው ከ2 ገጽ ባይበልጥና ከላይ የዕዳ ሞዴሉን ወይም የፔፋውን ሥራ ቢያስቀድም ይሻላል፤ የፕሮጀክቱ ግን በቅጹ መሠረት እስከ 6 እና 7 ገጽ ቢሄድ ችግር የለውም። እዚህና እዚያ እየተመላለሰ የሚሠራ ሰው ቀኖቹን ይቁጠር፤ በ12 ወር ውስጥ ከ183 ቀን በላይ ኢትዮጵያ ከቆየ በግብር ሕጉ እንደ ነዋሪ ይቆጠራል።

---

ማዕቀፍ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደረሰኝ፣ በጥቅል ዋጋ ውል ላይ የረቂቁ ሪፖርት አስተያየት ሳይመጣ ወር ቢያልፍ ክፍያው እንዴት ይጠየቃል?

---

ደረሰኝ

ውሉ ሲፈረም ነው የሚታሰበው። «አሠሪው በ15 የሥራ ቀን ውስጥ አስተያየት ካልሰጠ ሪፖርቱ እንደተቀበለ ይቆጠራል» የሚል አንቀጽ ያስገቡ። አንዳንዱ መሥሪያ ቤት ይህን አይቀበልም፤ ያኔ ቢያንስ የአስተያየቱን ዙር በሁለት ይገድቡ፣ አስተያየትም ከአንድ ሰው ብቻ ተጠቃሎ እንዲመጣ ያስጽፉ። ሪፖርቱን ሲያስገቡ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስመትተው ቅጂውን ይያዙ፤ በኢሜይል ብቻ የተላከ ሪፖርት «አልደረሰንም» ሲባል መልስ የለውም።

የክፍያ ጥያቄው ደብዳቤ፣ የሪፖርቱ መቀበያ፣ የውሉ ቅጂ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ በአንድ ላይ ይግባ። ከሰኔ አጋማሽ በፊት ያልገባ ጥያቄ የበጀት መዝጊያ ውስጥ ይወድቅና አዲሱ ዓመት በጀት እስኪለቀቅ ይቆያል፤ ስለዚህ የመጨረሻው ሪፖርት ቀን በግንቦት እንዲሆን ከመነሻ ሪፖርቱ ጀምሮ የጊዜ ሰሌዳውን ወደ ኋላ ይቁጠሩ።